ኦሪት ከነሕዝቧ፦ የአንድ እንቅስቃሴ ማኒፌስቶ

ታቦት አለን። ሁለት ሰንበት አለን። ወንዶች ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፤ ጥር 6 ቀን የጌታን ግዝረት እናከብራለን። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ የተከፈለችው በሰሎሞን ቤት አምሳል ነው። ካህናቱ በታቦቱ ፊት ጽናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ዳዊትን እናስባለን። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ መጥቅዕን ሳያወጣ ጾመ ነነዌን አያገኝም፤ መጥቅዕ ደግሞ ኦሪት ያዘዘችው የመለከት በዓል ነው። ከአይሁድ የተቀበለችውን እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ፣ ሳታፍርበትም የኖረች ሌላ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ያስቸግራል።

ጎድሎን የኖረው ይህን ሁሉ ያወረሰን ሕዝብ ነው። በአካል ከመካከላችን የሄደው በቅርቡ ነው፤ ከትምህርታችን ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ይህን ማኒፌስቶ የጻፍነው ወደ ትምህርታችን እንዲመለስ ነው።

ይህን የምንጽፍ ሰዎች ምእመናን፣ ዲያቆናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ነን። ማኅተምም ቢሮም የለንም፤ ሥልጣን የሰጠንም የለም። ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታ ነው፣ ከአብ ጋር በባሕርይ የተካከለ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ እምነት አንዲት ነጥብ አንቀንስም፤ ከአይሁድም አንደብቀውም። አዲስ ሃይማኖት ይዘን አልመጣንም። የምንለው ይህ ነው፦ የአይሁድን መጽሐፍ፣ የአይሁድን መዝሙር፣ የአይሁድን በዓልና ተስፋ ተቀብሎ፣ አይሁድን ራሳቸውን ከቃል ኪዳኑ ደጅ የሚያስወጣ ትምህርት ርስት አልያዘም፤ ምርኮ ይዟል።

ነገሩ ሐዋርያት ካረፉ ብዙም ሳይቆይ የተጀመረ ነው። መርቅያን የሚባል ሰው ሮም ላይ ተነሥቶ ብሉይ ኪዳን ይቅርብን፣ የኦሪት አምላክና የክርስቶስ አባት የተለያዩ ናቸው ባለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ144 ቤተ ክርስቲያን ለየችው። ደግ አደረገች። ያን ጊዜ ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዳዊት የሚደግም ክርስቲያን ባልኖረ። ዳሩ ግን መጽሐፉን ያዳነች ቤተ ክርስቲያን ለመጽሐፉ ባለቤቶች ሌላ ፍርድ አዘጋጀች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ተከራከርሁ ብሎ በጻፈው መጽሐፍ፣ እውነተኛው እስራኤል ክርስቲያኖች ናቸው የሚል ሐሳብ አቆመ። እኛም ተጨምረናል ማለትና እናንተ ቀርታችኋል ማለት ለየቅል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው አብዛኛው ትምህርት ሁለተኛውን መንገድ ያዘ። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 11ኛ ምዕራፍ፣ ከዱር ወይራ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ የገባ ቅርንጫፍ ሥሩን የተሸከመው እርሱ እንዳይመስለው አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያውን አንብበናል፤ ታብየናልም።

የአንጾኪያውን ነገር ሳናነሣ አናልፍም፤ ከሁሉ የሚያመን እርሱ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅን እንወደዋለን፤ ከ14ቱ ቅዳሴያችን አንዱ በስሙ ይጠራል። ይኸው አባት ገና ቄስ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ386 እና በ387 አንጾኪያ ላይ ስምንት ስብከት ሰበከ። በክርስቲያን ብዕር ስለ አይሁድ ከተጻፈው ሁሉ እጅግ መራራ ከሆኑት የሚቆጠሩ ናቸው። ያስቆጣው የገዛ ምእመናኑ ነገር ነበር። የአንጾኪያ ክርስቲያኖች በበዓል ቀን ምኵራብ እየሄዱ መለከት ይሰሙ ነበር፤ አይሁድ ሲጾሙ አብረው ይጾሙ ነበር፤ ከባድ መሐላ የወደቀበትም ምኵራብ ገብቶ ይምል ነበር፣ በዚያ የተማለ መሐላ የበለጠ ያስፈራል ተብሎ። ሕዝቡ እንደ ጎረቤት ይኖር ነበር፤ አጥሩ የተሠራው ከመድረክ ነው። እነዚያ ስብከቶች በኋላ ዘመን በአውሮፓ አይሁድን ለመጥላት ማስረጃ ሆነው ተጠቀሱ። አባትን ማክበር ግን ቁጣውን ሁሉ መውረስ አይደለም። በቅዳሴው እንቀድሳለን፤ ስምንቱን ስብከቶች አንወርስም።

አውሮፓውያን ወደ ልባቸው የተመለሱት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ካለቁ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ዡል ኢዛክ ሚስቱንና ሴት ልጁን በናዚዎች ተነጥቆ፣ ንቀት የሚያስተምረውን ስብከት እስከ ምንጩ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1947 ስዊዘርላንድ ውስጥ በዜሊስበርግ የተሰበሰቡ ሰዎች ለሰባኪዎች 10 ነጥብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በጌታ ሞት ምክንያት የያኔው አይሁድ ሁሉ በጅምላ፣ የዛሬዎቹም ጭራሽ ሊከሰሱ እንደማይገባ አወጀ። መልካም ነው። ሆኖም በሌላ ሰው ንስሐ የሚጸድቅ የለም፤ የራሳችን መዝገብ አለን።

መዝገቡ ከደብረ ምጥማቅ ይከፈት። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ተገፉ፤ እርሳቸውም አገር ጥለው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1352 አርመን አገር ዐረፉ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሸዋ ውስጥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰበ፤ ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። በአራተኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች በቅዳሜ ማረፍን አይሁድነት ነው ብለው የከለከሉትን፣ የእኛዎቹ ዐዋጅ አስነግረው መለሱት። በክርስትና ታሪክ ወደ ሥር እንዲህ የተመለሰ ጉባኤ እምብዛም አይገኝም። ብንኮራበት ያምርብናል።

ኩራቱ ግን እዚያው ላይ ይሰናከላል። ቅዳሜን ያስከበረው ንጉሥ፣ በስሙ በሚጠሩት በመጽሐፈ ብርሃንና በመጽሐፈ ሚላድ አይሁድን አጥብቆ ይነቅፋል። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞም ዐፄ ይስሐቅ የአገራችንን አይሁድ፣ ቤተ እስራኤልን፣ ወግቶ ድል ካደረገ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ አልጠመቅም ያለ ግን ርስት የለሽ ፈላሲ ይሁን የሚል ትእዛዝ እንዳወጣ ይተረካል። እዚህ ላይ አንባቢ ረጋ እንዲል እንፈልጋለን። እስራኤል ቀርቶ በምትኩ እኛ ገባን የሚለው ሐሳብ ሲነገር የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በአገራችን ግን የመሬት ሥሪት ሆኗል። ቅዳሜን የሚያከብር ክርስቲያን ርስት ነበረው። ቅዳሜን የሚያከብር ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1555 ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ፣ ኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናውያን አይሁድ ናችሁ እያሉ ሲከሱን፣ በሃይማኖት መግለጫው ሰንበትን የምናከብረው በአይሁድ ሥርዓት እንዳልሆነ፣ ግዝረቱም የአገር ልማድ እንደሆነ ጽፎ መለሰ። ለዘመኑ የሚያስፈልግ መልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ራሳችንን እንደ አይሁድ አይደለንም በሚል መለካት ለመደብን። ከሳሾቹ ከሄዱ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኛ አሁንም መልስ እየሰጠን ነን።

ስለ ክብረ ነገሥት መናገር ይከብዳል፤ ስለምንወደው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ያዘጋጀው ይህ መጽሐፍ የንግሥተ ሳባን፣ የምኒልክንና የታቦተ ጽዮንን ነገር አስፍቶ ባያቆየን፣ ራሳችንን በመጽሐፍ ቅዱስ ዓለም ውስጥ እንዲህ በቤተኝነት ባላገኘነው ነበር። ከኢየሩሳሌም ጋር አዛምዶናል። ዝምድናው የተነገረበትን መንገድ ግን ልብ በሉ፦ ታቦቲቱ በሌሊት ከኢየሩሳሌም ወጣች፣ ክብርም አብሯት ወጣ፣ በዚያ ያሉት ባዷቸውን ቀሩ። ዮስጢኖስ የጀመረው ሐሳብ በእኛ አገር ይህን መልክ ያዘ። ክብረ ነገሥት ይታረም አንልም፤ ከመጽሐፉ አንድ ፊደል የሚነካ ቢመጣ ፊት የምንቆመው እኛ ነን። የምንለው፣ እግዚአብሔር አንዱን ልጅ ለመባረክ ሌላውን መንቀል የማያስፈልገው አምላክ መሆኑን ይዘን እናንብበው ነው። አንድምታችን ለአንድ ንባብ ሦስትና አራት ፍቺ ሲያወጣ አይጨነቅም፤ አንድም ብሎ የሚጨምር መምህር የቀደመውን አይሽርም። ጽዮን ወደ እኛ መጥታ ለእነርሱም ትኖራለች ብሎ አንድም የሚል መምህር ቢነሣ የትኛው ቀኖና ይከለክለዋል?

ወደ ጎረቤቶቻችን እንመለስ። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፤ በጎንደር ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆነው ነገሥታቱን አገለገሉ። በቀጠቀጡት ማረሻ አርሰን፣ በሠሩት ድስት ወጥ ሠርተን ስናበቃ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ አልናቸው። ቡዳ የሚለውን ስም ኦሪትም ወንጌልም አላስተማሩንም። እንዲያም ሆኖ ስሙ በክርስቲያን አፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ፣ እስከ እኛ ዘመን ኖሯል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከለንደን የተላኩ ሚሲዮናውያን ሊያጠምቋቸው መጡ፤ ከመካከላቸው ሄንሪ አሮን ስተርን ራሱ ከአይሁድ የተወለደ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም የሚያምኑት በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ብሎ ፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ፣ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ብዙው በረኃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀረ። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ያው ጉዞ በሱዳን በኩል ተደገመ። በመንገድና በስደተኛ ካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አነሣ። የሄዱት ከእኛ ጋር በአንድ ወንዝ የጠጡ፣ በአንድ ግእዝ የጸለዩ ሰዎች ናቸው። በመሄዳቸው ምን እንደ ጎደለን ገና አልጠየቅንም።

የእኛና የቤተ እስራኤል የአይሁድ ልማድ ሥሩ ከየት ነው በሚለው ምሁራን ይከራከራሉ። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ የአይሁድ ልማድ በጥንት ዘመን ከደቡብ ዐረብ ወደ አክሱም ገብቷል አለ፤ ማክሲም ሮዲንሰን ደግሞ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ብሉይ ኪዳንን አንብበው የወሰዱት ነው ሲል ተቃወመው። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው መጽሐፍ የቤተ እስራኤል ጸሎትና ዜማ ከኢትዮጵያ ገዳማት ክርስትና ጋር የተገመደ መሆኑን አሳየች። የቤተ እስራኤልም ትውፊት ምንኩስናቸውን የጀመሩት አባ ጸብራ ናቸው፣ የዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ጸጋ አምላክም ወደ እርሳቸው ገባ ይላል፤ የዚያ ንጉሥ ልጅ! ክርክሩ ይቀጥል፤ በየትኛውም ወገን ቢፈታ አቋማችን አይናጋም፣ በደም ሐረግ ላይ አላቆምነውምና። ዘር መቁጠር ምን እንዳደረሰብን የምናውቅ ሰዎች ነን። ማን ከማን እንደ ወሰደ እስከማይለይ ድረስ አብረው የጸለዩ ሁለት ቤቶች መኖራቸው ይበቃናል።

የወደፊቱን የምናየውም ከዚህ ተነሥተን ነው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ከኢትዮጵያ አውሮፓ አደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ብራናዎች ሲወጡ ደግሞ ሄኖክ በአራማይክ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ቁርጥራጭ ሆነው ተገኙ። አይሁድ የጻፉትን፣ በኋላ አብዛኛው አይሁድም አብዛኛው ክርስቲያንም የጣለውን መጽሐፍ የእኛ ደብተራዎች ሲገለብጡት ኖረዋል። ቤተ እስራኤልም ኩፋሌን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ጉባኤ ቤት እናያለን፦ በአንድ በኩል የእኛ የመጻሕፍት መምህር፣ በሌላ በኩል ግእዙን ከአባቶቹ የተቀበለ የቤተ እስራኤል ቄስ፣ በመካከላቸው ኩፋሌ። በክርስቶስ ነገር አይስማሙም፤ መስማማትም የለባቸውም። ስለ አብርሃም ግን ከሁለቱ የተሻለ በአማርኛ የሚጨዋወት በዓለም ላይ የለም። እነዚያ ቄሶች እያረጁ ነው፤ ጉባኤው ለልጆቻችን የሚተው ሥራ አይደለም።

ከሌላ ጋር እንዳንቀላቀል ደግሞ ይህን እንበል። በከተሞቻችን አንዳንድ የአምልኮ አዳራሾች ቀንደ መለከት ሲነፋ፣ የአይሁድ የጸሎት መጎናጸፊያ ሲለበስ፣ የእስራኤል ባንዲራ ሲውለበለብ እናያለን። ፍቅሩን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን የሰውን ልብስ የለበሰ ሁሉ ሰውየውን አያውቀውም። ቤተ እስራኤልን ለማጥመቅም አልተነሣንም፤ ያ በቂ ጊዜ ተሞክሯል። ፖለቲካም አይደለም። የእስራኤል መንግሥት እንደ ማንኛውም መንግሥት ይመሰገናል፣ ይወቀሳል፤ ፍልስጤማዊው የቤተ ልሔም ክርስቲያንም ወንድማችን ነው። ሕዝብን ከቃል ኪዳኑ አለማስወጣት ለመንግሥት ማጨብጨብ አይደለም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው ነው። ርስት ስለ መንፈግና ቡዳ ብሎ ስለ መክሰስ ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ይቅርታ ትጠይቅ፤ በንጉሥ ስም የተደረገው በእምነት ስም የተደረገ ነውና። በመንፈሳዊ ኮሌጆቻችን የቤተ እስራኤል ታሪክ ይሰጥ፤ ዕብራይስጥም ከግእዝ ጎን ይቀመጥ። በአምቦበርና በወለቃ የቀሩት የጸሎት ቤቶችና መቃብሮች የአካባቢው ደብር እንደራሱ ይጠብቃቸው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ በእስራኤል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ነው፤ በጎንደር ተራሮች ላይ ለዘመናት የተከበረ በዓል ስለሆነ ከእኛም የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይገባዋል። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚወርድ ተሳላሚም በመንገድ በአማርኛ የሚያናግሩትን የጎንደር እናት ሲያገኝ፣ ለሥዕል የቀረቡ ሳይሆኑ የአገሩ ሰው መሆናቸውን አውቆ እጅ ይንሣ፤ ስለ ደረሰባቸውም ይጠይቅ፣ ያድምጥ።

በመጨረሻ ስለ ሰሙነ ሕማማት። የመስቀል ፍርድ የፈረደው ሮማዊ ገዥ ነው፤ ቸንካሩን የመቱትም ወታደሮቹ ናቸው። ስንክሳራችን ጲላጦስን በሰኔ ከቅዱሳን ጋር ያስበዋል፤ ተጸጽቷል ብለን ይቅር ብለነዋል። ለፈረደው ሹም የተረፈ ምሕረት፣ በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ ላልነበሩ፣ ገና ላልተወለዱም ሚሊዮኖች እንዴት አነሰ? ወንጌል የካህናትን አለቆች ይወቅሳል፤ ኤርምያስም ወቅሷል፣ አሞጽም ወቅሷል፣ የገዛ ወገኖቻቸውን።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው ዐርብ ስቅለት ልጆቹ ጌታን ማን ሰቀለው ብለው ይጠይቋችኋል። ጲላጦስን በስሙ ጥሩት፤ አሳልፈው የሰጡትን አለቆችም በሹመታቸው ጥሩ፤ አይሁድ ብላችሁ ሕዝቡን በጅምላ አትጥሩ። ከዚያ እመቤታችን፣ ዮሐንስና በመስቀሉ ሥር የቆሙት ሴቶች አይሁድ እንደ ነበሩ ንገሯቸው።